ቁንጫ ቀይ ጫማ የለውም

አናጺው ሁለቱን ልጆቹን ብቻውን ይዞ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። እሑድ እንኳን ከመጋዝና ከሙጫ የማይለይ ሰው ነው። ያን እሑድ ግን አዋላጅ ነርስ የሆነችው ሚስቱ ተረኛ ሆነች፤ ልጆቹ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ታፍነው ከርመው ጸደይ ሲገባና ዛፉ ሁሉ ሲያብብ ከመስኮቱ አልላቀቅ አሉ። "መናፈሻ! መናፈሻ!" እያሉ ጆሮውን ሲበሉት ወገቡን ያዘና "እሺ፣ ተነሱ!" አለ።

ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው። በሁሉም ነገር ላይ ፍርድ ካልሰጠች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ቤተሰቡ "ዳኛዋ" ይላታል። ትንሹ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ እዚህ አለ ሲሉት እዚያ ስለሚገኝ "ቁንጫ" የሚለው ቅጽል በስሙ ላይ ሠልጥኖ ቀርቷል።

ሚስቱ ለሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች።

"ዓይንህን ከቁንጫ ላይ እንዳታነሳ።"

"ምን ነካሽ? ያን ሁሉ ሠራተኛ ይዤ ጣራ የማቆም ሰውዬ ሁለት ሕፃን ያቅተኛል?"

"ሠራተኞችህ ዳክዬ ባዩ ቁጥር አይሮጡማ" አለችና ሄደች።

ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ለቁንጫ ቢጫውን የዝናብ ልብስ አልብሳው ነበር። በዚያ ሰሞን ገበያው በዚህ ልብስ ተጥለቅልቆ ስለነበር መናፈሻው ሲደርሱ ከሕፃናቱ ግማሹ ጫጩት መስሎ ጠበቃቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ አዋዋላቸው ያማረ ነበር። ዳኛዋ በአበቦቹ መካከል እየተንጎራደደች "አንቺ ቆንጆ ነሽ፣ አንቺ ግን ትንሽ ይቀርሻል" እያለች ፈረደች። ቁንጫ ከኩሬው ዳር ያለችውን ወፍራም ነጭ ዳክዬ ተከትሎ ዞረ፣ ከአጥሩ ሥር ተንበርክኮ አዋራት፣ ከዚያ ወደ ሸርተቴው ሄዶ ሃያ ጊዜ ወጣ፣ ሃያ ጊዜ ወረደ። አናጺው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሸርተቴውን እንጨት በዓይኑ እየመዘነ፣ "ይሄን የገጣጠመው ሰው እጁ ይባረክ" አለ ለራሱ። ልጅ መጠበቅ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሴቶቹ ለምን እንደሚማረሩ አልገባህ አለው።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። እንዲህ እንደዋዛ አይደለም፤ አንድ ሰው መጋረጃ የጎተተበት ያህል ነበር። ዳኛዋ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበርና አባቷ ሊያስርላት ጎንበስ ሲል የመጀመሪያዋ የበረዶ ፍሬ ማጅራቱን መታችው። ቀና ሲል ባቄላ የሚያክል በረዶ መሬቱ ላይ እየነጠረ፣ እናት እየተጣራች፣ አባት እየጮኸ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ በሩ ይጎርፋል። ከሸርተቴው ሥር ቢጫው ልብስ ቆቡን ደፍቶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አናጺው ከኋላ ላፍ አደረገው፣ ከጃኬቱ ሥር ሸጎጠው፣ የዳኛዋን እጅ ያዘና እግሬ አውጪኝ አለ።

"አባዬ…" አለች ዳኛዋ።

"ሩጪ!"

"አባዬ፣ ቁንጫ…"

"ይዤዋለሁ! ሩጪ ብያለሁ!"

ፌርማታው ላይ ሊንቀሳቀስ ያለ አውቶቡስ ስላገኙ እግዜር ሰጣቸው። በግፊያ ገቡ። አንዲት ሽበታም እናት ተጠግተው ቦታ ለቀቁላቸውና አናጺው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁና ቁና ተነፈሰ። የበረዶው ድምፅ ጣራው ላይ እንደ ከበሮ ይደለቃል።

"ኧረ ዛሬ ከብደሃል፣ ምን በልተህ ነው?" አለው ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ጉብታ መታ መታ እያደረገ።

ዳኛዋ ዓይኗን ከአባቷ ጉልበት በታች ተክላ ነበር።

"አባዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ቁንጫ ቀይ ጫማ የለውም።"

አናጺው ቁልቁል ተመለከተ። ከቢጫው ልብስ ሥር ሁለት ትንንሽ ቀይ ጫማዎች ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። ቆቡን ገፈፈው። ሹሩባ ተሠርታ፣ ጆሮዋ ላይ እንደ ነጥብ ያለች ጉትቻ ያደረገች፣ አይቷት የማያውቃት ሴት ልጅ ትልልቅ ዓይኖቿን አፍጥጣ ሽቅብ አየችው።

"እማዬስ?" አለችው።

ክው አለ። በጆሮው የሚሰማው የበረዶ ድምፅ ጠፋ።  ከዚያ ብድግ አለና አንድ ሰው በአውቶቡስ ውስጥ የሰው ልጅ ታቅፎ ፈጽሞ ሊናገረው የማይገባውን ቃል ተናገረ።

"የኔ አይደለችም!"



"ምን አልክ አንተ?" አሉት ሽበታሟ እናት። እጃቸው ጃኬቱን ጨምድዶ ይዟል። "የማን ናት ታዲያ? ከየት አመጣሃት?"

"እማማ፣ ተሳስቼ… ልጄ… ልጄ እዚያ ቀርቷል!"

"ልጅ ሰርቆ ነው!" አለ ከኋላ አንዱ። "በሩን ዝጋ፣ እንዳይወርድ!" አለ ሌላው። አንድ ጎረምሳ ትከሻውን ያዘው። አናጺው ሊያስረዳ ይሞክራል፤ የሚወጣው ግን "ቢጫ… ቢጫ…" የሚል ብቻ ሆነ። ያ ሁሉ ሠራተኛ በአንድ ቃሉ የሚታዘዝለት ሰው፣ ሐሞቱ ፈስሶ ውሃ ሆነ።

ዳኛዋ ወንበሩ ላይ ወጣች።

"አባቴ ሌባ አይደለም!" ብላ ጮኸች። "ሌባ ቢሆን እኔን ይዞ ይሰርቃል? ተሳስቶ ነው። ወንድሜን ረስቶ የሰው ልጅ አነሳ። ነግሬዋለሁ፤ አልሰማኝም። አሁን መመለስ አለብን!"

ከዚህ ፍርድ በላይ ይግባኝ አልነበረም። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ በሩ ተከፈተ። ሽበታሟ እናት ግን ጃኬቱን አልለቀቁም።

"እኔም አብሬ እወርዳለሁ። ውሸትህን ከሆነ ከእጄ አትወጣም፤ እውነትህን ከሆነ ደግሞ ልጅቷን የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል።"

እንዲህ ሆነው ሮጡ። አናጺው የሰው ልጅ ታቅፎ ከፊት፣ ሽበታሟ ጃኬቱን ይዘው ከኋላ፣ ዳኛዋ የሽበታሟን ቀሚስ ይዛ ከመጨረሻ፣ እንደ ባቡር ተቀጣጥለው። በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ መንገዱ ጎርፍ ሆኗል። በዓይነ ሕሊናው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንሽ ልጅ በባዶ መናፈሻ ውስጥ ቆሞ፣ ወደ በሩ እያየ።

ከበሩ ሳይደርሱ የሴት ዋይታ ሰሙ። ቀጭን ሴት ናት፤ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ አንድ እግሯ ባዶውን ሆኖ፣ የመናፈሻውን ዘበኛ ክንድ ይዛ "ልጄን! ልጄን!" ትላለች። ባለ ቀይ ጫማዋ ልጅ "እማዬ! አውቶቡስ ሄድኩ!" ስትል ሴትየዋ ዞረች። እንዴት እንደደረሰች አልታየም። ልጇን ከእቅፉ መንጭቃ ወሰደችና በሌላ እጇ አናጺውን በጥፊ አጮለችው። ጆሮው ጭው አለ። ሁለተኛውን ልታሳርፍበት እጇን አነሳች።

"የኔስ?" አላት፣ ሳይሸሽ። "ቢጫ የለበሰ ወንድ ልጅ አላየሽም? እንደሷ ያለ፣ ወንድ…"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ዘበኛውን አየችው፤ ዘበኛው እሷን። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም ይፈልግ የነበረው አንዲት ሴት ልጅ ነበር። ሌላ ልጅ ስለመጥፋቱ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

"አባዬ!" አለች ዳኛዋ። ድምፅዋ የዳኛ አልነበረም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ነበር። ጣቷን ወደ ኩሬው ዘረጋች።

ኩሬው መካከል ቢጫ ነገር ተንሳፍፏል።

አናጺው አጥሩን እንዴት እንደዘለለ ኋላ ሲጠይቁት አያውቀውም። ውሃው ደረቱ ድረስ ደረሰ፣ ጭቃው ጫማውን ያዘው፤ በአራት እግሩ የሚሄድ ይመስል በእጁ ውሃውን እየቀዘፈ ደረሰና ቢጫውን ልብስ አፈፍ አደረገ። ቀለለው። እጅጌው ባዶ ነው፤ ቆቡም ባዶ ነው። ከዚያ የሚብስ ነገር በዕድሜው ነክቶ አያውቅም። ልብሱን አንገቱ ላይ ጥሎ ጎንበስ አለና ጭቃውን በሁለት እጁ ይዳብስ ጀመር። ዘበኛውም ከነመለዮው ገባ። ዳር ያሉት ይጮሃሉ፤ እሱ አይሰማም። ጣቶቹ አንድ ለስላሳ ነገር ነክተው ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ሲያወጣው የበሰበሰ ቅጠል ነው። እንደገና ጠለቀ።

 በጥፊ የመታችው ሴት ያን ያህል ያለቀሰችላትን፣ ገና አሁን ያገኘቻትን ልጇን ለሽበታሟ እናት አስታቀፈችና በአንድ ጫማዋ የኩሬውን ዙሪያ መሮጥ ጀመረች።

"ስሙ ማነው?" አለችው እየጮኸች።

"ቁንጫ!"

"ምን?"

"ቁንጫ ነው የምንለው! ቁንጫ በይው!"

"ቁንጫ!" እያለች ከየቁጥቋጦው ሥር ጎንበስ ቀና አለች። "ቁንጫ! የኔ ጌታ! ቁንጫዬ!" በሌላ ቀን ቢሆን የሰማ ሁሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ከኩሬው ጫፍ ዳክዬዎቹ የሚያድሩባት ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ቤት አለች። ሴትየዋ በዚያ ስታልፍ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"ዝም በይ! ተኝተዋል።"

በጉልበቷ ተንበርክካ አንገቷን አስገባች። ቁንጫ ገለባው ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኙ ዳክዬ ነው። በካናቴራ ብቻ ነው፣ ነገር ግን ከሁሉም ሰው ይልቅ የደረቀው እሱ ነበር።

"ልብስህስ?" አለችው፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

"ለወፍራሟ አለበስኳት። ዝናብ ነበር። እሷ ግን ይዛው ሄደች።"

"አለ! እዚህ አለ! በሕይወት አለ!" ብላ ስትጮህ አናጺው ከውሃው ቀና አለ።  ዳር ሲደርስ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሴትየዋ ቁንጫን አምጥታ ደረቱ ላይ አኖረችለት። ልጁን አቅፎ አሸተተው፤ ዳክዬ ዳክዬ ይሸታል። ከዚያ ዕንባው መጣ፤ እንደዚያ ያለ ዕንባ አባቱ ሲሞቱም አላነባም።

"አባዬ ለምን ብቻህን ዋኘህ?" አለ ቁንጫ ተቆጥቶ። "እኔም ልዋኝ።"

ሴትየዋ አጠገቡ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊ መሆኗን የነገረችው ኋላ ነው፤ ያኔ ግን መርፌ ቀርቶ የገዛ ልጇን ቁልፍ መዝጋት አልቻለችም።

"ስለ ጥፊው…" አለች።

"ሲያንሰኝ ነው።"

 ልጇ በቀይ ጫማዋ የዝናቡን ውሃ እየረገጠች ትስቃለች።

"እያሰብኩ ያለሁት ምን መሰለህ" አለች ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ "ያነሳት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?"

 አናጺው ልጁን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሽበታሟ እናት ሹራባቸውን አውልቀው በሁለቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና "በሉ ተነሱ፣ ደግሞ በብርድ እንዳታልቁብኝ" አሏቸው።

ማታ ገና መብራት እንደበራ ሚስቱ ገባች። ልጆቹ ታጥበው፣ ፒጃማ ለብሰው ምንጣፉ ላይ ይጫወታሉ።

"ውሏችሁ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ነበር" አለች ዳኛዋ ከአባቷ ቀድማ። "አባዬ ቁንጫን ረስቶ ሌላ ልጅ አመጣ። ከዚያ ሊታሰር ነበር። ከዚያ በጥፊ ተመታ። ከዚያ ዋኘ።"

ሚስቱ ሳቀች። ሳቋ ግን የባሏ ጉንጭ ላይ ያረፉትን አራት ጣቶች ስታይ በመንገድ ቀረ። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። እሱ አንዱንም ሳይደብቅ፣ ባዶውን እጅጌ ሳይቀር ነገራት። እሷ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቁንጫን ስባ እግሩን፣ እጁን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ኋላ ሳይቀር ዳበሰች። ልጁ ተኮረኮረና ተፍጨረጨረ።

"እኛ ጋ" አለች በመጨረሻ፣ "ሕፃን ሲወለድ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የእናቱ ስም እጁ ላይ ይታሰራል። 'ምን ይሄን ያህል ያስጨንቃችኋል' ብለህ ስቀህብኝ ነበር።"

"ተናገሪኝ" አላት። "ጩኺብኝ፣ ይቀለኛል።"

አልጮኸችም። ዓይኗን አበሰች።

"በሚቀጥለው እሑድም ተረኛ ነኝ።"

"እና?"

"እና ልጆቹ መናፈሻ ይሄዳሉ።"

"ከማን ጋር?"

ቀና ብላ አየችው።

"ካንተ ጋር ነዋ! ከማን ጋር ሊሆን ኖሯል?"

አናጺው እጁን ጉንጩ ላይ እንዳደረገ፣ በዚያን ቀን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ባያውቅም፣ ክው ብሎ ቀረ።