ቅባት ካለበት ደረሰኝ የለም

አማከለች በመርሳ መናኸሪያ በር ላይ ማንጎና ብርቱካን ስትሸጥ ዓመታት ተቆጥረዋል። አውቶቡስ ገና ሳይቆም «የዛፍ ብስል! የመርሳ ማንጎ!» እያለች በመስኮቱ ሥር ትገኛለች። በዚያ ዓመት ግን ድምጿን ሰምተው ብቅ የሚሉት ገዢዎች እጇን ሲያዩ ይመለሱ ነበር። ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ቆዳዋ ቀልቶ፣ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ይላጣል። አንዲት ተሳፋሪማ የከፈለችበትን ብርቱካን እንኳ ሳትቀበል መስኮቷን ዘጋችባት።

ሕመሙ አዲስ አልነበረም። ሐኪም ያዘዘላትን ቅባት ስትቀባ ይተኛል፣ ስታቋርጥ ይነሳል። ጦርነቱ መርሳ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ቅባቱ አለቀ። በነዚያ ወራት ስለ ቆዳ ማን ያስባል? የሰው ጭንቀቱ ዱቄት ነበር። ታጣቂዎቹ ወጥተው፣ መኪና መንቀሳቀስ ጀምሮ፣ ማንጎውም ሲደርስ፣ ሕመሙ ክንዷን ይዞ ጨርሷል።

«አንቺ፣ በየዓመቱ ለጤና መድን ትከፍዪ የለ?» አለቻት ዘይነባ፣ አጠገቧ ሽንኩርት የምትቸረችረው ወዳጇ። «ታዲያ ምን ቆርጦሽ ትቀመጫለሽ? ሂጂና ታከሚ እንጂ!»

ሄደች። የመርሳው ጤና ጣቢያ ከአልጋ እስከ መርፌ ተዘርፎ ስለነበር ወደ ወልድያ ሆስፒታል ላኳት። እዚያም ሄኖክ የሚባል ወጣት ሐኪም ክንዷን አገላብጦ አየና «ወደ ሰው አይጋባም፣ አይስጉ» ብሎ ቅባት ጻፈላት። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ግን ቅባቱ አልነበረውም። «ከውጭ ይግዙና ደረሰኙን ያምጡ፤ መድኑ ይመልስልዎታል» አሏት።

ከተማውን ዞረች። አንደኛው ጋ የለም፣ ሁለተኛው ጋ የለም። ሦስተኛው ጋ ተገኘ፤ ጣት የማታህል ቱቦ፣ ዋጋዋ ግን የአማከለችን የሁለት ሳምንት ትርፍ የሚውጥ።

«ግድ የለም፣ ይመለስልኛል» ብላ መቀነቷን ፈታች። «ደረሰኝ ቁረጥልኝ።»

«ደረሰኝ የለንም እናቴ» አለ ሻጩ። «ማሽኑ ተዘርፏል።»

የእናትነቱ ነገር ራሱ አናደዳት፤ ሻጩ ጢሙ ሸብቷል። «በእጅህ ጻፍልኝ እንግዲያ።»

«የእጅ ጽሑፍ አይቀበሏችሁም።»

ማዶ ወዳለው ሌላ መድኃኒት ቤት ተሻገረች። እዚያ ማሽኑ አለ፤ ቅባቱ የለም።

«ታዲያ ቅባቱን ከዚያ፣ ደረሰኙን ከዚህ ልግዛ?» አለች።

ሻጯ ሳቀች። አማከለች አልሳቀችም። ባዶ እጇን መርሳ ገባች።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ፀበል አለ፣ አንዱ ሬት አለ። ሬቱን ሞክራው ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥላት ዋለ። የመናኸሪያ ነጋዴዎች ደግሞ ተሰብስበው መዋጮ ሊያወጡላት ተነሱ።

«እኔ?» አለች ደሟ ፈልቶ። «ለመድኑ ከፍዬ ደግሞ ልለመን? እምቢ! ያዘዘው ሰው ራሱ መላ ይበለኝ።»

ወልድያ ተመለሰች። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ወንበር እንኳ አልሳበችም።

«ዶክተር፣ ቅባት ካለበት ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ካለበት ቅባት የለም። የጎደለውን እኔ ልውለደው?»

ሄኖክ ማዘዣውን ተቀብሎ ግንባሩን አሸ። «እኔ የጻፍኩት አንድ ፋብሪካ ለመድኃኒቱ ያወጣለትን ስም ነው። ያው መድኃኒት በራሱ ስም አገር ውስጥም ይሠራል። ርካሽ ነው። ሰሞኑን እዚሁ እኛ ጋ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልጻፉትም?»

«እጄ የለመደው ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ነው። ምን እንደገባ ምን እንዳለቀ የሚነግረኝ የለም። ያጣ ሰውም ተመልሶ አይነግረኝም።»

«በምን ትራንስፖርት ተመልሶ?» አለች አማከለች። «ስንቱ ያቺን ወረቀት ይዞ ቤቱ ተቀምጦ ይሆን?»

ሐኪሙ አዲስ ማዘዣ ጽፎ ራሱ አብሯት ወደ መድኃኒት ቤቱ ወረደ።

ቅባቱ አለ! በነጭ የፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ። አማከለች እጇን ስትዘረጋ፣ በመስኮቱ ያለችው ልጅ የመድን ካርዱን ገልብጣ አየችና «የዘንድሮ ማህተም የለበትም» አለች።

«የመርሳው ማህተም ራሱ ተዘርፏል እኮ!» ጮኸች አማከለች፣ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት። «ከሌባ ነው ወይ የማስመታው?»

ሄኖክ መርሳ ወዳለው የመድን ጽሕፈት ቤት ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እሱም እየጮኸ፣ በመጨረሻ መክፈሏን አረጋገጡለት። ቅባቱ ወጣላት፤ ከኪሷም ምንም አልወጣ።

ወደ መርሳ ስትመለስ ሲሪንቃ ኬላ ላይ ደግሞ አንድ ፈታሽ ወታደር ዕቃውን ከፍቶ አሸተተው።

«ምንድን ነው ይሄ? ግሪስ?»

«የቆዳ ቅባት ነው፣ ወንድሜ። ካላመንክ ተቀባው።»

ወታደሩ ፊቱን አጨማዶ መለሰላት። እውነቱን ነበር፣ ግሪስ ይመስላል። ልብስ ያቆሽሻል፣ ሽታውም አይጣል ነው። ቢሆንም ክረምቱ ሳይገባ ቅርፊቱ ረገፈ፣ ማሳከኩ ተወት አደረጋት። ቅላቱ ጨርሶ አልጠፋም። እሷ ግን ገዢ እንዳይጸየፍ ብርቱካኑን በፌስታል ጠቅልላ ማቀበሏን ትታ፣ እጇን ሳትደብቅ ትሰጥ ጀመር። ያልፈለገ ይለፍ። ከሐራ የመጣ አንድ ገበሬ እንደሷው የተላጠ ክርኑን ገልጦ ሲያሳያት፣ ማንጎዋን ትታ የመድኃኒቱን ስም እየደጋገመች በቃሉ አስያዘችው።

አንድ ጠዋት ግን የቅባቱን ዕቃ ከቦታው አጣችው። ዘወር ስትል ባሏ ገበየሁ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተሰነጣጠቀ ተረከዙን እያሸ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያብረቀርቃል።

«ለተረከዝ እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ!» አላት ደስ ብሎት።

አማከለች ዕቃውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ለተረከዝህ ከሆነ ተነስ፣ መኪናው አልሄደም» አለችው። «ወልድያ ሂድና አንተም ተሰለፍ!»