የማሲንቆ ተጫዋቹ ስም

1.

«ስሙ ያልታወቀ አዝማሪ። ዘይት ቀለም በሸራ።»

ሥዕሉ ሥር የተለጠፈው ይሄ ነው። በቃ።

2.

ምንትዋብ እባላለሁ፤ የሙዚየሙ አስጎብኚ ነኝ። ሥዕሉ ነገ ጠዋት ውጭ አገር ይሄዳል፣ ለጥቁር ሙዚቀኞች ኤግዚቢሽን። ማሸጊያ ሳጥኑ አዳራሹ መሃል ክፍቱን ተቀምጧል። አጠገቡ እማማ ይታይሽ ተቀምጠዋል፤ የአዝማሪው ስም ሳይጻፍ ወይ ፍንክች ብለዋል።

3.

(ይሄን ቁጥር ባዶ ልተወው። አትቆጡ፣ ኋላ እንመለስበታለን።)

4.

እማማ፦ ባሌ ነው። ጌጤነህ ይባላል።

ዳይሬክተሩ፦ ማስረጃ አለዎት፣ እናቴ?

እማማ፦ ዕድሜዬን አብሬው ኖርኩ እኮ!

ዳይሬክተሩ፦ እሱማ ይሁን። ግን ስሙ የተጠራበት ነገር ካላገኘሁ አልጽፍም።

እማማ፦ እዚሁ አዳራሽ ሥዕል በተመረቀ ቁጥር እሱ ማሲንቆውን እየገዘገዘ አብረን ስንዘፍን ነበር። ቀድታችሁናል። ቴፑ እናንተው ጋ ነው።

5.

ቴፑን ሰማነው። ጌጤነህ ሚኒስትሩን ያወድሳል፤ ሠዓሊውን ያወድሳል፤ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ እንኳን አልረሳም። የራሱን ስም ግን አንዴም አይጠራም። አዝማሪ ሰው የሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ነው የሚያዜመው፤ ስለ እሱ የሰጠ ሰው አልነበረም።

ወይ ጉድ!

ዳይሬክተሩ «ሰማችሁ አይደል?» ብሎ ወጣ። በንዴት ጨስኩ።

6.

«እንግዲያው» አሉ እማማ፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስሙ አንዴ እንኳ ተጠርቶ ይሂድልኝ።»

«ታዲያ ይዝፈኑለታ!»

«ሰው ሳይሰጠኝ? ከጌጤነህ ጋር እንደዛ ሠርተን አናውቅም፣ ልጄ።»

ማሲንቆ የለም። ታዳሚ የለም። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጠበቁ።

ጠበቁ።

አንጀቴን በሉት።

7.

ግጥም የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ግን ብቻቸውን እንዴት ልተዋቸው? ባዶ ወንበሮቹ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ደንቡ ነውና አንቱታውን ለአፍታ ተውኩት፦

«ተቀበይ!»

እማማ ቀና አሉ። ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወዲያ የምሰጣቸው ግጥም አልመጣልኝም። እሳቸው ግን አሁንም እያዩኝ ነው። እናንተ ስሙን ታውቁታላችሁ። እባካችሁ፣ አንዳችሁ ግጥሙን ስጧቸው።

3.

«                                        »