ቤቱ የስንት ሰው ነው?

ሊፍት ጠጋኙ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሕንፃው ሰው ሁሉ «ጋሼ ሊፍት» ይለዋል። ሚስቱ ግን የምትጠራው «አንተ ሰውዬ» እያለች ነበር። ስትቆጣም፣ ስትስቅም፣ ጨው አቀብለኝ ስትልም «አንተ ሰውዬ» ነው። አሁን ያ አጠራር የሚሰማው በስልክ ብቻ ነው።

የሄደችው ለሦስት ወር ነበር። ልጃቸው መንታ ወለደች። የልጃቸው ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል። እሷ ራሷ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስትሆን የምታድረው ሆስፒታል ነው። እናት ካልደረሰችላት ማን ይደርስላታል? ከተማው በአውቶቡስ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ጋሼ ሊፍት ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት፤ መቀመጫዋን መስኮት ዳር አስያዘላት፤ ከታች ቆሞም በመስኮቱ «ለእኔ አታስቢ» አላት። ልቧ ተከፍሎ እንዳትሄድ ብሎ ነው።

ሦስት ወሩ ስድስት ሆነ። መንቶቹ ዳዴ አሉ፣ ቆሙ፣ መሮጥ ጀመሩ። እነሆ ሁለት ዓመት ካለፋቸው ሰነበተ።

አመሻሽ ላይ ይደዋወላሉ። «እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች። «ሁሉም ነገር ይሠራል» ይላታል። የሥራ ዘመኑን ሙሉ ሊፍት በር ላይ ተኮልኩለው ለሚጠብቁ ሰዎች ሲሰጥ የኖረው መልስ ነው፤ ከአፉ አልጠፋ ብሎ ቀርቷል። ስለ መንቶቹ ትነግረዋለች፤ አንዱ ሳሙና በልቶ፣ ሌላኛዋ ድመት ነክሳ። ይስቃሉ። «መቼ ነው የምትመጪው?» ግን ብሎ አያውቅም። ቢጠይቃት በልጇና በእሱ መካከል ሊያስጨንቃት ነው። እሷም «ልምጣ እንዴ?» ብላ አታውቅም። ለምን እንደማትል ሲያሰላስል ይውላል፤ መልሱን ስለሚፈራው ግን እስከ መጨረሻው አያሰላስለውም።

ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል አለው። ሚስቱ አጭር ስለሆነች የማድ ቤቱ ዕቃ በሙሉ የተደረደረው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ላይኛው ባዶ ነው። እሱ ረጅም ነው፤ ስኒ በፈለገ ቁጥር ጎንበስ ይላል፤ ወገቡን ያመዋል፤ ዕቃውን ወደ ላይ ማውጣት ግን አልሆነለትም። አልጋው ላይም በእሱ በኩል ያለው ፍራሽ ጎድጉዷል፤ በእሷ በኩል ያለው ጥጥ ደግሞ ቀስ በቀስ አብጦ ተነሥቷል። ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ ልክ ትንሽ ጉብታ የሚወጣ ያህል ነው።

ሕንፃው የቤቶች ማኅበሩ ነው። ተከራዩ ከገቢው የሚችለውን ይከፍላል፤ የቀረውን መንግሥት በድጎማ በቀጥታ ለማኅበሩ ይሞላል። ድጎማው የሚወሰነው በቤቱ በሚኖረው ሰው ብዛት ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ መኝታ ክፍል፣ ከዚያ በላይ አይሸፍንም። ስለዚህ ማኅበሩ በየዓመቱ ሠራተኛ እየላከ፣ በየቤቱ ማን እንደሚኖር አይቶ ለመንግሥት ያሳውቃል። ያ ሳይሆን ቀርቶ የሌለ ሰው ተቆጥሮ ከተገኘ መንግሥት ገንዘቡን መልሶ የሚቀበለው ከማኅበሩ ነው፤ ያኔ የሚያፈስ ጣራ የሚጠግን ይጠፋል።

የምትመጣው ወጣት ሴት ናት። ሕንፃው «ቆጣሪዋ» ይላታል፤ እሷም ታውቃለች።

በመጣችበት ቀን ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋሼ ሊፍትን ደረጃው ላይ ያዘው።

«ቆጣሪዋ ሁለተኛ ፎቅ ደርሳለች። ምን ልትላት ነው?»

«ምን እላታለሁ?»

«ገበያ ሄዳለች በላት! ቀሚሷን ወንበር ላይ ጣል አድርግ፣ ምድጃው ላይ ድስት ጣድ፣ አለቀ። ሴት ያለችበት ቤት ምን እንደሚመስል ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁም» አለ ጋሼ ሊፍት።

ወደ ቤቱ ገብቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። የምትወደውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣ። ሲወጣ ተጨማድዶ ነበርና ካውያ አሞቆ ተኮሰው፤ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ አየው። አሁን ከማድ ቤት ብቅ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ ልብሴን ማን አወጣው?» የምትል መሰለው። ቆሞ ጠበቀ። የጠበቀው ማንን እንደሆነ የገባው በሩ ሲንኳኳ ነው።

ቆጣሪዋ ገብታ ተቀመጠች። ቀሚሱን አየችው።

«ጋሼ፣ እትዬ መጡ እንዴ?»

«ገበያ» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲያ ካለ ከገበያ ሊጠብቃት ነው። ወጥታ የምትገባ ሚስት ያለችው ሰው ሆኖ አንድ ደቂቃ ሊኖር ነው፤ ከዚያ ልጅቷ ስትሄድ ተመልሶ ሊያጣት ነው።

«የለችም» አለ። «ቀሚሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከቀሚሱ መለሰች። «አምና ‹በቅርቡ ትመለሳለች› ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም በቅርቡ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ‹በቅርቡ› የሚሉት ነገር የት ፎቅ ላይ እንደቆመ አይታወቅም እኮ።»

ሳይወድ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ቀጠለች። «ከስድስት ወር በላይ ከቤት የራቀ ሰው አይቆጠርም። አምና በእርስዎ ቃል አሳለፍኩት። ዘንድሮ አለቃዬም አይቀበለኝም። የሚመለሱበት ቀን ከታወቀ፣ ቀኑም ቅርብ ከሆነ፣ እንደ ሁለት ሰው አስቀጥላለሁ። ግን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ።»

«እሷን አታስጨንቂያት፣ ልጄ።»

«እኔ አልጠይቃቸውም። እርስዎ ይጠይቁ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ድምፁ ለልጅቷም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ ገና እንዳነሣችው። በቀን ደውሎ አያውቅማ። «ታመምክ? አንተ ሰውዬ፣ ተናገር!»

«ኧረ ደህና ነኝ። ሁሉም ነገር ይሠራል። የማኅበሩ ልጅ መጥታ ነው።»

ከወዲያ በኩል አንድ ሕፃን ይጮኻል፤ ሌላው ብረት ነገር ይደበድባል። «ምን ትላለች?»

«ቤቱ የስንት ሰው ነው ትላለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«አንቺን ልጠይቅ ነዋ።»

ድብደባው ቆመ፤ ብረቱን የቀማችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ» አለች፣ «ዛሬ የቤት ቆጣሪ ሲመጣብህ ጠየቅከኝ?»

«እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው እንጂ…»

«እኔን? ለእኔ አታስቢ ያልከው ማነው? መናኸሪያ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ! ተመችቶታል አልኩ።»

«ተመችቶኝ!»

«ምን ላውቅ? በደወልኩ ቁጥር ሁሉም ነገር ይሠራል ትለኛለህ። ሁሉ ነገር የሚሠራለት ሰው ማንን ይፈልጋል?»

ቆጣሪዋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ የጎዳናውን መኪና የምትቆጥር መስላ ቆመች።

ጋሼ ሊፍት ስልኩ ላይ አጎነበሰ። «አይሠራም» አለ።

«ምኑ?»

«ምንም የሚሠራ የለም። ነይ።»

ይህችን አንዲት ቃል ሲናገር ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። ሚስቱ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማ። ከዚያ አንዱ መንታ «አያቴ! አያቴ!» እያለ ሲጣራ ሰማ።

«መምጣቱን እመጣለሁ» አለች። «መምጣት የማልፈልግ መስሎህ ነበር እንዴ? ግን እነዚህ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ልጃችን ብቻዋን አትችለውም። አሁን ትቻት ብመጣ ሥራዋን ነው የምትለቀው።»

«የሚገቡት መቼ ነው?»

«ከርሞ፣ ትምህርት ሲከፈት።»

ጋሼ ሊፍት ቀና ብሎ ልጅቷን አየ። እሷም ከመስኮቱ ዞራ ነበር፤ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ለደንቡ ከርሞ ሩቅ ነው።

«አይሆንም መሰለኝ» አላት ሚስቱን።

«እትዬ» አለች ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ «ምርጫው ሁለት ነው። ድጎማው ሲቀንስ የጎደለውን ጋሼ ከጡረታቸው እየሞሉ እዚሁ መኖር፣ ያለዚያም ከታች ጓሮውን የሚያይ ባለ አንድ ክፍል አለ፣ እዚያ መግባት። እርስዎ ሲመለሱ እንደገና ሁለት ሰው ሆናችሁ ትቆጠራላችሁ። ግን ትልቅ ቤት ሲለቀቅ ወረፋ ነው፤ እንዳላታልላችሁ፣ ወረፋው ረጅም ነው።»

«ጡረታውንማ አውቀዋለሁ» አለች ሚስቱ። ትንሽ አሰበች። «ልጄ፣ ያ ክፍል ለሁለት ሰው የሚሆን አልጋ ይይዛል?»

«ያንን ለክቼ አላውቅም» አለች ቆጣሪዋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ለካው።»

በሳምንቱ ሄዶ ለካው። ቆጣሪዋ ቁልፉን ይዛ አብራው ነበረች። ክፍሉ በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል፤ ከማድ ቤቱ የሚለየው አንድ ቀጭን በር ነው። ሜትሩን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋ፤ ደግሞ ዘረጋ። አልጋው ይገባል። ችግሩ በሩ ነው፤ ወደ ክፍሉ ውስጥ ስለሚከፈት መሐል ላይ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ በሩ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ ይቀራል።

«ለአንድ ሰው አልጋ ታስቦ ነው የተሠራው» አለች ልጅቷ እያዘነች።

«በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ባዞረውስ?»

«በር መቀየር ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፣ ጋሼ።»

«አልቀይረውም። ያው በር ነው። መከፈቻውን ብቻ ነው የማዞረው።»

ልጅቷ በሩን አየችው፣ ሜትሩን አየችው። «እኔ የማየው የሰው ብዛት ነው» አለች፤ «በር የሚያዩት የጥገና ክፍሎች ናቸው።» ቁልፉን ሰጥታው ሄደች።

ማጠፊያዎቹን ነቀለ፤ በሩን ገልብጦ ለካ፤ አዲስ ጉድጓድ በመሮ ፈለፈለ፤ የድሮውን በእንጨትና በሙጫ ደፈነ። ቀኑን ሙሉ የሠራው ሥራ ነው። የሊፍት በር በስንጥር ልዩነት እንደማይዘጋ የሚያውቅ ሰው ነውና አልቸኮለም። ከላይ፣ በሚለቀው ቤት ውስጥ፣ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ልጆች ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲሮጡ ይሰማዋል። አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ሲኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው የሚገቡበት። ደስ ሊለው ፈለገ፤ ግማሹ ደስ አለው።

ፀጉር አስተካካዩ አልጋውን በማውረድ አገዘው፤ ደረጃው ላይ እያለከለከ «አንድ ሰው ተብለህ ተመዝግበህ ይሄን ሁሉ አልጋ! ማን ሊተኛበት ነው?» አለ።

«አንተ ብቻ ያንን ጥግ ቀና አድርገህ ያዝ።»

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጠራ።

«ገባ?» አለች ሚስቱ፣ ሰላምታም የለ።

«ገባ። በሩም ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።»

«በመስኮቱ ምን ይታያል?»

«ጓሮ ነው» አለ፤ ከዚያ ያ እንደማይበቃ ገባው። ስልኩን ይዞ ተነሣ። «የልብስ ማስጫ ገመዶች አሉ። ሰው አንሶላ አስጥቶ ረስቶታል። አንድ ዛፍ አለ፤ ስሙን አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂው ነበር፤ ቅጠሉ ረጅም ነው፣ ከሥሩ ነጣ ያለ። አጥሩ ላይ ድመት ተቀምጣለች። ፀሐይዋ አሁን የምትመታው የአልጋውን ግርጌ ነው። ጠዋት በየት በኩል እንደምትገባ ገና አላየሁም። ብቻዬን ነኝ። ክፍሉ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ መስኮቱን ብከፍተውም አልወጣልኝ አለ። አንቺ ብትሆኚ አንድ ዘዴ አታጪለትም ነበር።»

«ሌላስ?» አለች።

መስኮቱን ይበልጥ ከፍቶ አንገቱን አወጣ።