የገብርኤል ጉንጉን ዳቦ

«ዳቦ በዘይት ብቻ እንዲህ አያበራም» አሉ እማማ ንግሥቴ፣ የምጣዱን ክዳን በአንድ እጃቸው እንዳንጠለጠሉ። «እኔ ዳቦ ስጋግር ነው ያረጀሁት። እንዳትዋሺኝ።»

«አልዋሸሁም፣ እመይቴ። ስኳር ነው የቀባሁት።»

«ስኳር ይጣፍጣል እንጂ እንቁላል እንቁላል አይሸትም።»

ያምሮት ከፍኖተ ሰላም መጥታ ቡሬ ለዚህ ቤት ከተዳረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር በአማቷ በእማማ ንግሥቴ ቤት ሲወጣ ስታይም የመጀመሪያዋ ነው። ድፎውን ሁሉም ቤት ያውቀዋል ብላ፣ ሊጡን እንደ ሹሩባ ጎንጉና፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጨምራ፣ ሴቶቹ እያነሱ የሚያወሩለት ዳቦ ልታቀርብ ነበር። ጉንጎናውን ያስተማረቻት ጎረቤታቸው ራዲያ ናት፤ ባለፈው ዒድ ስትጋግር አጠገቧ አስቀምጣ አሳየቻት። ትናንትም በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ጾም መሆኑን እንዳትረሺ፤ እንቁላሉን ተይውና ስኳር በውሃ አፍልተሽ ቀቢው» ብላታለች።

ጠዋት ግን የያምሮት እጅ ልቧን ቀደመ። በዒዱ እንዳየችው እንቁላል ሰበረች፣ መታች፣ ቀባች። ጾሙ ትዝ ያላት ምጣዱን ከከደነች በኋላ ነው። ያኔ ብትናገር ሌላ ሊጥ ለማቡካት ጊዜ ነበር። አይታወቅም ብላ ዝም አለች፤ ቅርፊቱንም ከቆሻሻው ሥር ደበቀችው።

«ቄሱ ባርከው ሊቆርሱት ነበር እኮ። ማኅበርተኛውን ሁሉ በእኔ ቤት ልታስገድፊው?»

«ራዲያ ናት ቀቢው ያለችኝ» አለች ያምሮት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ጋለ። ግን አልመለሰችውም።

ራዲያ ያዋሰቻቸውን ትልቅ ትሪ ይዛ በጓሮ በር መጥታ ኖሯል። ደፉ ላይ ቆማለች። መስማቷን ያምሮት ከአቋቋሟ አወቀች።

«ራዲያ፣ እንቁላል ቀቢው ያልሻት አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ እማማ ንግሥቴ።

ራዲያ ያምሮትን አየቻት። ያምሮት ምጣዱን አየች።

«ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል፣ እትዬ ንግሥቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

የእማማ ንግሥቴ ፊት ተፈታ። «አዬ፣ አንቺማ ምን ታደርጊ። የእኛን ጾም እኛስ መች ጠንቅቀን አወቅነው። በይ ዳቦውን ለልጆችሽ ውሰጂው።»

«እሺ» አለች ራዲያ። ትሪውን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጓሮ ቁጭ ብላ የጠላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገባ። በዳቦው ቦታ ንፍሮና ቆሎ ቀረበ። ቄስ ገብረሰንበት ጸሎቱን አድርሰው ቆሎውን አየት አደረጉና «ንግሥቴ፣ ዘንድሮ ገብርኤል ጥርሳችንን ሊፈትን መጣ?» አሉ።

ሰው ሳቀ።

«ዳቦውስ ነበረ፣ አባ» አሉ እማማ ንግሥቴ። «ጎረቤቴ ራዲያ እንቁላል አስቀብታ ልታስገድፈን ነበር፤ ገብርኤል በአፍንጫዬ በኩል ደረሰልን።»

ሳቁ ባሰ። ክፋት አልነበረበትም። በጓሮ በኩል የብርጭቆው መንቃጨል ቆመ።

ያምሮት ጠላውን እንደያዘች መሐል ቤት ቀጥ አለች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ቄሱ ቀና ብለው አዩዋት። አማቷም አዩዋት።

«ልጨምርልዎ፣ አባ?» አለች።

«ትንሽ፣ ልጄ። እጅሽ ይባረክ።»

ቀዳችላቸው። ከዚያ ብርጭቆ አነሰና ወደ ጓሮ ወጣች። ብርጭቆዎቹ ታጥበው፣ ትሪው ላይ በአፋቸው ተደፍተዋል። ዳቦው በነጠላ እንደተሸፈነ መደቡ ላይ ነው፤ የነካው የለም። ራዲያ የለችም፤ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

ከውስጥ «ያምሮት፣ ብርጭቆ» አሉ እማማ ንግሥቴ።

ትሪውን አንስታ ገባች።