ለጉልበቷ የተሠራ ማሞቂያ

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲቀባ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀለም ቀቢ ነው። የጋራዥ ጓደኞቹ «ሦስት እጅ» ይሉታል። ሌላው ቀቢ ሁለት እጅ ቀብቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሱ ሦስተኛውን ሳይደግም እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። የመኪና በርም ይሁን የአበባ ማስቀመጫ፣ እጁ የገባ ነገር ሁሉ ሦስት እጅ ሳይቀባ አይወጣም። ሚስቱ «አንድ ቦታ ብዙ ከቆምኩ እኔንም ይቀባኛል» እያለች ታሾፍበታለች።

ታዲያ የሰው መኪና እንደዚያ ሲያሳምር የኖረ ሰው፣ የራሱን አሮጌ መኪና ማሞቂያ ሳይሠራው ስንት ዘመን አለፈ! ድሮ ልጃቸው ገና ተማሪ ሳለች ማሞቂያው ውሃ አፍስሶ የሚስቱን ጫማ አበሰበሰው። እሱም «ለጊዜው ነው» ብሎ ውሃ የሚያመጣለትን ቱቦ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በተነሳ ቁጥር መልሱ «ነገ እሠራዋለሁ» ነው። ነገ የተባለው ቀን ሳይመጣ ልጅቱ አድጋ ተዳረች። ሚስቱም ጉልበቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከጎኑ መቀመጥን ለመደችው።

ዘንድሮ ግን ጉልበቷን ቁርጥማት ያዛት። ሐኪሙ እየተመላለሰች እንድትታሽ፣ ብርድም እንዳይነካት አዘዘ። አማቻቸው ይህን ሲሰማ «እማማ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አለ። የአማቹ መኪና አዲስ ነው፤ ማሞቂያው ይቅርና መቀመጫው ራሱ ይሞቃል። ሰውየው ሚስቱ እዚያ መኪና ውስጥ ገብታ ስትሄድ በመስኮት ባየ ቁጥር ይከፋዋል። አማቹ ደግሞ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ይሄ ይበልጥ ያበሽቀዋል። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መቆጣት ይቻል ነበር። ባዶ መቀመጫ ከጎኑ ይዞ መንዳት አስጠላው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስቱ ተመልሳ ከጎኑ እንድትቀመጥለት።

«እሠራዋለሁ» አላት አንድ ቀን ከሕክምና ስትመለስ።

«ምኑን?»

«ማሞቂያውን ነዋ።»

«ነገ?» አለችውና ሳቀች። ለጨዋታ ነበር ያለችው፤ እሱን ግን አንጀቱ ድረስ ዘለቀው።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ወገቡን እያማረረ፣ ማሞቂያውን ከዳሽቦርዱ ሥር ፈታና ጓሮ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ከጡብ የማይበልጥ፣ የሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ራዲያተር፣ አየር የሚገፋ ማራገቢያ፣ ሙቀቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን። ሁሉም ዝገት በልቶታል። የሚያፈሰውን ራዲያተር ለቀድሞ ባልደረባው ለመካኒኩ ሰጥቶ አስበየደው። ሳጥኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ጸረ ዝገት ቀባው፤ በላዩ ላይ ጥቁር ደረበ። አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ። ራዲያተሩ ሲመለስም ከዚያ ሁሉ ውበት አጠገብ ራቁቱን ሊያስቀምጠው አልሆነለትም። ውስጥ ውስጡን ሳይቀር ሦስት እጅ አለበሰው። ሲጨርስ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። ሥራው ራሱን ስላስደሰተው ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ እንኳ ሳይታገሥ ማሞቂያውን ቦታው መልሶ ገጠመው።

«ግቢ፣ እመቤቴ» ብሎ በሩን ከፈተላት።

ሞተሩ ሲሞቅ ማራገቢያውን አስነሳው። መጀመሪያ ለብ ያለ አየር መጣ፤ ሚስቱ ፈገግ አለች። ቀጥሎ የቀለም ሽታ መጣ፣ ያውም ዓይን የሚያቃጥል። ሴትዮዋ እየሳለች፣ እንባዋ እየወረደ በሩን ከፍታ ወጣች። ወዲያው አማቹ እንደ ልማዱ ወደ ሕክምና ሊያደርሳት መጣ። «ምን ሆኑ እማማ?» ብሎ ደግፎ ወደ ሞቀው መቀመጫ ወሰዳት። ሰውየው መሪውን እንደጨበጠ ቀረ።

መካኒኩ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሰው፣ ራዲያተር እኮ ሙሽራ አይደለም! ሙቀቱ በዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ በየት በኩል ይውጣ? የውስጡን ጠርገህ አንሳው፣ ከዚያ ተወው።»

ተወው! ለሦስት እጅ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ የለም። ቢሆንም ማሞቂያውን እንደገና ፈትቶ ጓሮ ተቀምጦ በቲነርና በጥርስ ብሩሽ ቀለሙን ከየስንጥቁ ይፈቀፍቅ ጀመር። ሚስቱ ከሕክምና ስትመለስ እዚያው አገኘችው።

«የማን ብሩሽ ነው?»

«የኔ ነው፣ አትፍሪ።» ቀና አላለም። «እንዲያምርልሽ ብዬ ነበር።»

እሷም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊ ናትና ዓይኗ ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው። ክዳኑን አንስታ አገላበጠችው። «ዙሪያውን የነበረው ስፖንጅ አልቋል። ሙቀቱ በዚህ በኩል እኮ ያመልጥሃል» አለች። መቀሷን አምጥታ ከአሮጌ ካፖርቷ ላይ ወፍራም ሱፍ ቆረጠች፤ በክዳኑ ልክ አድርጋ ሰጠችው፣ እሱም በማጣበቂያ ለጠፈው። እስኪመሽ እንደዚያ አብረው ሠሩ። ሰውየው ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። የቀረውን፣ ሙቅ አየር ወደ ሁለቱ መቀመጫዎች እግር የሚያወርዱትን የጎማ ቱቦዎች ሥራ፣ ብቻውን ጨረሰው።

በሚቀጥለው የሕክምና ቀን አማቹ በር ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ በባሏ መኪና መስኮት ብቅ ብላ «የኔ ልጅ፣ ተባረክ። ዛሬ ከባሌ ጋር ነኝ» አለችው። ሰውየው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

መንገዱ ላይ ሽታ የሚባል ነገር አልነበረም። ደስ የሚል ሙቀት ከእግሯ ተነስቶ እስከ ጉልበቷ ወጣ። ብርድ ልብሱን ገለጠችው፤ ጥቂት ቆይታ ጨርሶ አነሳችው። «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችው። አፍንጫው ቀልቷል፣ ጉልበቶቹን ገጥሟቸዋል። ጎንበስ ብላ እጇን በእሱ እግር በኩል ሰደደች። ብርድ ነው። ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ በቆርቆሮ ተደፍኗል፤ ቆርቆሮው ተቀብቷል፣ ያውም ያብረቀርቃል።

«ያንተ ቱቦ የታለ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ያንቺ በስብሶ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ዛሬ አይገኝም። የኔን ላንቺ አደረግሁት።»

«አንተስ?»

«ነገ እሠራዋለሁ።»

ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ እንደገናም አጠፈችና ጉልበቱ ላይ አደረገችለት።

«ይኸው፣ ሦስት እጅ» አለችው፤ እጇንም ከላዩ ሳታነሳ እስኪደርሱ ድረስ እዚያው ተወችው።