ጀልባ ቀዛፊው ምን አለ

መነጽር ሠሪው ጨዋታው ታድሶ መውጣቱን በሰማ ቀን ሁለት ሌንስ አበላሸ። በዓመት አንድ የማያበላሽ ሰው ነው። ደንበኛዋ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ እሱ ደግሞ የግራውን ሌንስ ለቀኙ ሞርዶ በባዶ ፍሬም ላይ ይታገላል። «ነገ ይድረስልዎት» ብሎ ሸኛትና ሱቁን ዘጋ።

ለጨዋታ እንዲህ መሆን ምን ይሉታል? ጨዋታው ግን ተራ ጨዋታ አልነበረም። ድሮ፣ ገና ሳያገባ፣ እሱና ነጥብ የሚሉት ጓደኛው ዓይናቸው እስኪቀላ የተጫወቱት ነው። ጀግናህን ራስህ ትቀርጻለህ፣ ጓዶች ትመለምላለህ፣ ከዚያ ከከተማ ከተማ እየዞርክ ንጉሡንም ሌባውንም ዳቦ ጋጋሪውንም ታናግራለህ። ያ ሁሉ ወሬ ታዲያ በባዕድ ቋንቋ ነበር። ሁለቱ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው፣ ማንም ቤሳ ሳይከፍላቸው ሦስት ዓመት ፈጅተው ተረጎሙት። መነጽር ሠሪው ይተረጉማል፣ ነጥብ ያርማል። ነጥብ ያኔ የባዕዱን ቋንቋ አያውቅም ነበር፤ ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን ብቻ ነው የሚለቅመው። ቅጽል ስሙም የወጣለት የምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ እንኳ የጎደለች ነጥብ ካየ እህል አልወርድ ስለሚለው ነው።

አሁን ኩባንያው ሥዕሉን አሳምሮ፣ ሙዚቃውን አድሶ፣ «ከሚታወቀው የድሮ ትርጉም ጋር» ብሎ አወጣው። ተርጓሚ ተብሎ የተጻፈው አንድ ስም ነው፤ የነጥብ ስም። መነጽር ሠሪው ይህን ሲያይ ደሙ አልፈላም ብንል ውሸት ነው። ፈልቷል። ነጥብ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሦስት ዓመት ሥራ ለብቻው ወሰደ። ሆኖም ሌንስ ያስበላሸው ይህ አልነበረም።

ነገሩ የእናቱ ነው። በመጨረሻው ሳምንቷ ትኩሳቱ ሲያወራጫት አጠገቧ የተቀመጠውን ልጇን ማወቅ አቃታት። በልጅነቷ አባቷ በጀልባ ያሻገሯት ወንዝ ዳር የቆመች መስሏት ታወራለት ጀመር፤ ስለ ውሃው፣ ማዶ ስለሚጠብቃት ሰው፣ እንዳትፈራ ስለነገሯት ነገር። እየሳቀች ነው ያወራችው። ስትስቅ ያያት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። ከሆስፒታል እንደተመለሰ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የደረሰበት ገጽ ላይ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፤ በዋናው ጨዋታ ለመሻገሪያ አሥር ወርቅ ይጠይቃል፣ ሌላ ወሬ የለውም። መነጽር ሠሪው እናቱ ያለችውን አንዲት ቃል ሳያስቀር በሽማግሌው አፍ አስገባው። ሰባት መስመር ሆነ። ለነጥብም ለማንም ትንፍሽ አላለም። እሷም በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ሌላ ሰው ቢሆን የእናቱን ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ያኖር ነበር። እሱ ግን ጨዋታው ውስጥ ካለ የት ይሄዳል ብሎ ተማመነ። ትርጉሙ አልቆ ከጨዋታው ጋር ሲዋሃድ፣ የኮምፒውተሩ ሆድ ስለሞላ፣ የጻፈባቸውን ፋይሎች በገዛ እጁ ደመሰሳቸው። ቆይቶ ሲዲው ተጫረ፣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ ያኔ ኮፒ የወሰዱትን ሁሉ ቢጠይቅ ሁሉም ጥለውታል፤ ነጥብን ግን፣ ስለተራራቁ፣ አልጠየቀውም። መስመሮቹም ከጭንቅላቱ አንድ በአንድ ወጡ። አሁን መሳቋን ያስታውሳል፤ ምን እንዳለች ግን አንዱም የለም። በዚህ የተነሳ ራሱን ይጠላል።

የታደሰው ጨዋታ ዋጋ የወር ገቢውን ሩብ ይበላል። የቤቱም ኮምፒውተር እንዲሁ አይችለውም፤ ዕቃ መጨመር አለበት።

«ለጨዋታ ይሄ ሁሉ?» አለች ሚስቱ። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ጠረጴዛውን ሙሉ ጨርቅ ዘርግታ፣ በከንፈሯ ስፒል ነክሳ ነበር።

ያኔ ነገራት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ነግሯት አያውቅም። ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ ሳትገዛ በፊት ነጥብን አትጠይቀውም?»

«ዘጠኝ ዓመት ሳልደውልለት?»

«ብትደውል ምላስህ አይቆረጥ! ስለ እናትህ አይደለም እንዴ?»

ደወለ።

«አንተ ሰው! አለህ እንዴ?» አለ ነጥብ። ወዲያው ድምፁ ወረደ። «ስማ፣ የስሙን ነገር… አንድ ሰው ብቻ ነው የምናስፈርመው አሉኝ፣ እኔም…»

«ስሙን ተወው። ትርጉሙ እንዳለ ነው?»

«እንዳለ ነው! ከድሮው ቢሻል እንጂ አይብስም። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛው።»

ስለ ጀልባ ቀዛፊው ሊጠይቀው አፉ ድረስ መጥቶበት ነበር። ከጠየቀ ግን ነጥብ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፤ እናቱን በስልክ ለዚህ ሰው ሊዘረግፍለት አልፈለገም። ዋጠው። በማግስቱ ገዛው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጀመረ። ሚስቱ መጋረጃዋን ትታ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ገና መጀመሪያው ከተማ ላይ ዳቦ ጋጋሪው አፉን ሲከፍት መነጽር ሠሪው ሳቅ አፈነው፤ የገዛ ቃሉ ነው፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ የቀለደው ቀልድ። ሌባው በሱ አፍ ይዋሻል፣ ንጉሡ በሱ አፍ ይቆጣል። «ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?» ትለዋለች ሚስቱ፣ «አዎ» ይላል አፉን ሞልቶ። ስሙ ባይኖርም ግድ አልሰጠው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደስ ብሎት ነበር፣ እውነተኛ ደስታ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ ከጀመረ አምስት ሰዓት ሞልቶት ነበር። ውሃው ያምራል፤ ያብለጨልጫል። የሽማግሌው ግንባር ላይ እያንዳንዱ መስመር በጥንቃቄ ተሥሏል። ሚስቱ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ ተጠጋች፤ አሁን ይጻፋል ብላ ነው። መነጽር ሠሪው ቁልፉን ተጫነ።

«ለመሻገሪያ አሥር ወርቅ።»

ደግሞ ተጫነ። አሥር ወርቅ። ደግሞ። አሥር ወርቅ። ምናልባት ማዶ ይናገር ይሆናል ብሎ ከፈለና ተሻገረ። ሽማግሌው አወረደው፣ ጀልባውን አዞረ፣ ሄደ።

«ምናልባት ሌላ ቦታ…» አለች ሚስቱ።

«የለም» አላት። ለነጥብ ደውሎ ስለ ጀልባ ቀዛፊው ይጠይቀው ጀመር።

«ጀልባ ቀዛፊው ጋ ደረስክ?» አለ ነጥብ፣ ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ እየሳቀ። «የሱን ጉድስ ተወው! እኔ እኮ ቋንቋውን ተምሬ ዋናውን ካንተ ትርጉም ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። እዚያ ስደርስ ሰባት መስመር ከየት መጣ? የወንዝ ወሬ፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው። ደክሞህ ምን እንደለጠፍክ እንጃ። ኩባንያው ቢያይ ይስቅብሃል ብዬ ሳልናገር አወጣሁልህ።»

«ያወጣኸው የሆነ ቦታ ይኖራል?»

«ምኑ? ስህተቱ? ምን ሊያደርግልኝ! ሠላሳ አንድ ቦታ ነው ያረምኩልህ፤ እዚያው አሮጌው ላይ ስለሠራሁ አንዱንም አላስቀመጥኩ። ስምህን ባላስገባልህም ሥራህን አጽድቼልሃለሁ፣ ወንድሜ።»

እየካሰው ነበር ለካ። ስሙን ስለወሰደበት በዚህ እየካሰው ነበር።  መነጽር ሠሪው «እናቴ ናት፣ የደመሰስከው እናቴን ነው» ሊለው ይችል ነበር። ከዚያስ? ነጥብ «ውይ!» ይላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ምናልባትም ያለቅሳል፤ እሱም ተቀምጦ ማባበል ሊኖርበት ነው። ደግሞስ መጀመሪያ የደመሰሰው ማን ሆነና? ሆድ ይፍጀው አለ።

ሚስቱ ወረቀቱን እንደያዘች ታየዋለች። አንዲት ቃል አልተጻፈበትም።

«እና እውነቱን ንገረኝ» አለ ነጥብ፣ «ገንዘቡ ይገባዋል? ሰው ሁሉ ልግዛ አልግዛ እያለ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።»

«ይገባዋል» አለው። «ግዙ በላቸው። አንድም ስህተት የለበትም።»

«አይደል?» አለ ነጥብ፣ ደስታው እስከዚህ ድረስ እየተሰማ። «ካንተ መስማቴ ነው ደስ ያለኝ!»