የጋሼ እግርና የእኔ ኮምፕሬሰር

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ እስከ ዛሬ የነፋሁት ጎማ ሁሉ ፊቴ ላይ ይፈንዳ! ለጎሚስታ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜውን ከባድ መኪና ሲነዳ ጨርሶ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ልቡ ደከመ። ልብ ሲደክም ደሙም ውሃውም ወደ ታች ይከማቻል። እግሩ አብጦ አብጦ፣ ሳላጋንን፣ የገልባጭ መኪና የኋላ ጎማ አከለ። በጣት ከተጫኑት ጉድጓዱ እስከ ማግስቱ አይሞላም። ሚስቱ እትዬ ነጠላ ጫማውን በመቀስ ሰንጥቃ ነበር የምታጠልቅለት። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ በቀር ዘመድ የለኝም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ሆስፒታል ስናመላልሰው አንድ መሣሪያ አየሁ። የበሽተኛው ሁለት እግር ላይ እንደ ቦት ጫማ ያለ ከረጢት ይታሰራል። ሞተሩ አየር ይሞላዋል፤ ጭምቅ ያደርግና ይለቃል፣ ጭምቅ ያደርግና ይለቃል። ነርሷ፣ ደም መልስ የሚባለውን የደም ሥር እያለበ ደሙን ወደ ልብ ይሰዳል አለችኝ።

"ይኼማ የእኔ ሥራ ነው!" አልኩ።

ሐኪሙ ሰማኝ። "ለሁሉም ሰው አይሆንም" አለ። "የእሳቸው ልብ የሚመለስለትን ደም ሁሉ መግፋት አይችልም። በአንዴ ከመጣበት ሳንባቸው ውሃ ይቋጥራል። ቤት እንዳትሞክሩት።"

ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። እኔ አየር መለካት ስጀምር እሱ ጡት አልጣለም። እሺ ብዬው ወጣሁ።

አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ከረጢቶቹን አገኘሁ። ሞተራቸው ሞቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን ሦስት ጎረምሳ የማያነሳውን ኮምፕሬሰሬን ብቻዬን ተሸክሜ ጋሼ ቤት ደረስኩ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ቢያንስ ሺህ ሰው፣ ግልብጥ ብሎ ተከትሎኛል።

ጋሼ አልጋው ላይ አራት ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

"ምን ይዘህ መጣህ፣ አንተ ቱሪናፋ?"

"እግርህን ልነፋ።"

"ተነፍቶ የለ እንዴ!"

"ነፍቼ አስተነፍሰዋለሁ።"

"ወሬህንስ ማን ያስተንፍስልን?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረውና በእጁ ጠብቁኝ አለን።

እትዬ ከጓዳ ወጣች። "ሐኪሙ ከልክሏል እኮ።"

"ሐኪሙ ጎማ ነፍቶ ያውቃል?"

"የሱ እግር ጎማ ነው?"

"ተዪው" አላት ጋሼ። "ይኼን ሁሉ ብረት ተሸክሞ መጥቶ። ይሞክር።"

ሥራዬን ጀመርኩ። ጎማ ቆሞ አይሠራም፤ ተጋድሞ ነው። ስለዚህ ትራሶቹን አንድ በአንድ ከጀርባው አወጣሁና ጠፍጣፋ አድርጌ አስተኛሁት። ከረጢቶቹን እስከ ታፋው አሰርኩ፤ የኮምፕሬሰሬን ቱቦ አገናኘሁ፤ ለቀቅኩት። ኮምፕሬሰሩ ቤቱን አናወጠው። ጭምቅ፣ ለቀቅ። ጭምቅ፣ ለቀቅ።

"እንዴት ነው ጋሼ?" ብዬ ጮህኩ።

"ጥሩ… ጥሩ ነው" አለ።

አምላክ ምስክሬ ነው፣ ስንት ዘመን እግሩ ውስጥ የተኛው ደም ነቅቶ እንደ ክረምት ጎርፍ ሽቅብ ሲንጎማለል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ! እግሩ ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ፤ በሽታው በላብ ሲወጣ ማለት ነው። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያ ከአልጋ ወርዶ የማያውቅ ሰው እንደ ኮርማ ተነሳ! ከረጢቱ ወዲያ ተወረወረ። ዘሎ መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ ደፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ጨፈረ። ትከሻው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች! ከደስታው ብዛት አፉን ከፈተ እንጂ ቃል አልወጣውም። እጄን ይዞ ጨመቀኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔም ኮምፕሬሰሬን ተሸክሜ፣ ለመንደሩ ሁሉ እያወጅኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዱብኝ፤ እነሱ እጅ ገብቶ ሞተ። እኔ ሰውዬውን አድኜ አስረከብኳቸው፣ እነሱ ገደሉት! ሞቱስ ይሁን፣ ሁላችንም ሟች ነን። ግን የጎረምሳ እግር ይዞ ነው የሞተው።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ሾፌር ጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ አልቆመም። ሰሞኑን የጋሼ የድሮ የሥራ ጓደኞች እትዬን ሊጠይቁ መጥተው፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው አልጋ አጠገብ ተረክኩላቸው። ጭፈራው ላይ ስደርስ ተነስቼ ትከሻዬን አሳየኋቸው። ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

እትዬ ጥግ ላይ አንሶላ ታጥፍ ነበር።

"አልጨፈረም" አለች፣ ቀና ሳትል።

"እትዬ ደግሞ! ቆመሽ እያየሽ?"

"ተኝቶ መተንፈስ ስላቃተው ነው የተነሳው። ትከሻው የዘለለው አየር ፍለጋ ነው። አንተ ኮምፕሬሰሩን ስታይ ከረጢቱን የፈታሁት እኔ ነኝ። እግሩም አልቀነሰም፤ እንዳበጠ ነው የተገነዘው።"

ሳቁ ቆመ።

"እና እስከ ዛሬ ለምን…" አልኩ።

"እንዳትነግሪው አለኝ። 'ደስ ብሎት ነው የሄደው፣ ተዪው' አለኝ፣ በስንት ትንፋሽ።"